መምህር መሰለኝ

ለልቅሶ የመጡ የድሮ ተማሪዎች «የመምህር መሰለኝ ቤት የትኛው ነው?» እያሉ አፍንጮ በርን ሲጠይቁ ዋሉ። አጎቴ ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ስሙን ያወጡላቸው የአራዳ ልጆች ናቸው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጂኦግራፊ እንዲያስተምሩ ሲመደቡ ባሕር አይተው አያውቁም። ስለዚህ ላዩት ነገር «ነው»፣ ላላዩት «መሰለኝ» ይሉ ነበር። ክረምት ሲገባ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይዘውን ይወርዱና የወንዙን ሙላት እያሰሙን «ባሕርም እንዲህ ይጮኻል፣ መሰለኝ» ይሉናል። ተማሪው ይስቃል፤ እኔ የእህታቸው ልጅ አቀረቅራለሁ።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ‹ነው› ቢሉስ? መጽሐፉ ይላል እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መጽሐፉ አይቶ ይሆናል። እኔ አላየሁም» አሉኝ። ሳያዩ ማስተማራቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲከነክናቸው ኖረ።

ጡረታ እንደወጡ ምፅዋ ወሰድኳቸው። ባሕሩ የዚያን ዕለት እንደ ዘይት ረግቷል። ጫማቸውን አውልቀው ዳር ዳሩን ገቡና ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆዩ።

«አይጮኽም» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ትልቅ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ። «እንኳንም ‹ነው› አላልኩ።»

እስከ አስመራ ሲስቁ መጡ። ይህን ሳያዩ ቢሞቱ ኖሮ መጽናናቱ ይከብደኝ ነበር።

አሁን በረንዳው ላይ ወንበራቸው ባዶውን ተቀምጧል። ትንሿ ልጄ ትናንት «አባባ የት ሄዱ?» አለችኝ።

«ጥሩ ቦታ» አልኳት። ወንበሩን አየሁና ጨመርኩ፤ «መሰለኝ።»