ከአሰብ ማዶ፣ በጥቁሯ ደሴት ላይ ያለው ጫካ

ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ አሰብ

የአዲስ አበባ ከባድ መኪኖች ወደቡ በር ላይ ተሰልፈዋል። ሙቀቱ ከአሁኑ ጀምሯል። ሻይ ቤቱ በራፍ ላይ አንድ ሾፌር የጎማ ጫማዬን አየና፣ «ጋዜጠኛው፣ ዛሬ ደግሞ ዓሣ ልትጠይቅ ነው?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ሳቀ።

የምሄደው ከዓሣ አጥማጁ ከሁመድ ጋር ነው። በበይሉል አቅጣጫ ባለች ደሴት ዳርቻ፣ ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል የማንግሮቭ ጫካ አለ። ሁመድ የሚያጠምደው ዓሣ የሚያድገው ከዚያ ጫካ ሥር ነው። ድርቁ ከጠና ወዲህ ግን በየቀኑ ባሕሩ ሲሸሽ ግመሎች ከየብስ እየተሻገሩ ቡቃያውን ይበሉበታል። ዛሬ ግመሎቹን እንዲያስወጡለት ባለቤታቸውን ሊለምን ነው።

1 ሰዓት፣ ደሴቷ

ደሴቷ የቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ ናት፤ ድንጋይዋ ጥቁር፣ ባለ ቀዳዳ፣ እግር የሚቆርጥ። በምዕራብ በኩል ድንገት አረንጓዴ ትሆናለች። የዛፎቹ ሥሮች ከጭቃው እንደ ጣት ብቅ ብቅ ብለዋል። በመካከላቸው ሸርጣን ይሯሯጣል። ዓሣ በል ንስር ጎጆዋ ላይ ቆማለች።

ሁመድ በወጣትነቱ የመርከብ ሠራተኛ ነበር። «አትላንቲክ ላይ እንዲህ ያሉ ጥቁር ደሴቶች አይቻለሁ» አለኝ። «ደመናው ተራራው ላይ ያድራል፤ ጫካው ሰው ይውጣል። ድንጋዩ ያው ይሄው ነው። እኛ ያጣነው ዝናቡን ነው።»

1 ሰዓት ተኩል

ሦስት ግመሎች ከነሁለት ግልገሎቻቸው ጭቃው ውስጥ ቆመዋል። ባለቤታቸው ሐዋ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ ከማዶ የብስ፣ ከደባይሲማ በኩል ነው የመጡት።

በአፋር ደንብ ከጉዳይ በፊት ዳጉ ይቀድማል። ተቀምጦ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ በተራ መነጋገር ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ሐዋ የደረቁትን ጉድጓዶች፣ ቀጥሎም የሞቱባቸውን ግመሎች በየስማቸው መዘርዘር ያዙ። እኔ ዓይኔ ባሕሩ ላይ ነው። ከየብሱ የሚያሻግረው አሸዋ እየጠበበ ሄደ። አፋርኛ በመጠኑ ስለምችል፣ «እናቴ፣ ውኃው እየሞላ ነው፤ ግመሎቹን መቼ ያወጣሉ?» አልኩ።

ሐዋ ቆጠራውን አቋርጠው ወደ ሁመድ ዞሩ። ሁመድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ ማነው?»

«እንግዳ ነው፣ እናቴ። ይቅር ይበሉት» አለ ሁመድ።

«የሞቱትን ሳልጨርስ ያሉትን ይጠይቀኛል!»

ቆጠራውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጨርሰው፣ የሁመድን ልመና ሰምተው «እሺ፣ አወጣቸዋለሁ» ሲሉ መሻገሪያው ሰጥሞ ነበር። ግልገሎቹ በዚያ ጥልቀት አይሻገሩም። ባሕሩ እስኪሸሽ፣ እስከ ማታ፣ እዚያው መዋል ግድ ሆነ። የተረፈው ቡቃያ ደግሞ ለግመሎቹ ለአንድ ቀን እንኳ የሚበቃ አይደለም።

3 ሰዓት

ሁመድ ከጀልባው መጥረቢያ አወጣ። ግመሎቹን ከጭቃው አስወጥቶ ድንጋዩ ላይ አንበረከከና ቡቃያውን እንዳይነኩ ካረጁት ዛፎች ቅርንጫፍ ይቆርጥላቸው ጀመር። ጫካውን ሊያድን የመጣው ሰው በገዛ እጁ ቆረጠው። የንስሯን ጎጆ የያዘውን ዛፍ ብቻ አልነካም። እኔ እሸከማለሁ።

«ጨምር» ይለኛል፤ «ያስዋልከን አንተ ነህ።»

ሐዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ማታ 12 ሰዓት

ባሕሩ ሸሸ። ሐዋ ግመሎቻቸውን እየመሩ ተሻገሩ። ሁመድ ግን አላያቸውም። ጭቃው ላይ አጎንብሶ የተረገጡትን ቡቃያዎች አንድ በአንድ ያቀና ነበር።

አሰብ ደርሰን ጀልባዋን ሲያስር፣ «ተመልሰው ይመጡ ይሆን?» አልኩት።

«ዝናብ ካልጣለ ይመጣሉ» አለ፣ ገመዱን እያጠበቀ። «እሳቸውን ብሆን እኔም እመጣለሁ።»