ቀን የሚጠይቀው ማሽን

የሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ደብረ ብርሃን ላይ የጣለው አመዳይ ክፉ ነበር። ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ግድግዳ ጥግ ተለጥፎ ይቆማል። ልጁ ያልዘመተበት ቤት ጥቂት ስለነበር የሚወራውም ትንሽ፣ የሚሳቀውም ትንሽ ነው። ብርዱ አጥንት ውስጥ ገብቶ የሚቀር፣ ሰው ተኝቶ አድሮ እንኳ ደክሞት የሚነሣበት ዓይነት ብርድ ነበር።

አስካለማርያም በዚያ ኅዳር ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከከተማው ዳር ባለ አንድ የበግ እርባታ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበረች። አገሯ አንኮበር ነው። አባቷ መሪጌታ ወልደተንሣኤ ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እናቷ የለችም፣ ሌላ ልጅም የላቸውም። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ የእህል መኪና ላይ ተሳፍራ ትሄድና ልብሳቸውን አጥባ፣ የሳምንት ስንቃቸውን ለጎረቤት አስረክባ እሑድ ትመለሳለች። ሕይወቷ ይኸው ነበር፤ ሌላም አልጠየቀች።

በጥቅምት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ገብረአብ አስጠርቶ አንድ ወረቀት አሳያት። መተከል፣ አዲሱ ሰፈራ ጣቢያ፣ ታይፒስት ይፈለጋል ይላል። ስሟም ተጽፎበታል።

«ጓድ፣ አባቴን ለማን ጥዬ?»

«ለአብዮቱ» አለና ወዲያው ራሱም አፈረ። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። «ስሚኝ እስቲ። ያ ፈረንጅ ትቶት የሄደው ኮምፒዩተር አለ አይደል? ኅዳር ሃያ ሦስት ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። የአምስት ዓመቱን ዝናብና የበጎቹን ክብደት በሥዕል አውጥቶ ካሳያቸው፣ ‹ይቺ ሴት እዚሁ ታስፈልገኛለች› ብዬ እከራከራለሁ። ካላወጣ ግን እኔም የምለው የለኝም።»

«እኔ እኮ ኮምፒዩተር ነክቼ አላውቅም።»

«እኛስ ማን ነክቷል?»

የበጎቹን መዝገብ ሊያደራጅ መጥቶ የነበረው ፈረንጅ ሲሄድ ዘጠኝ ዲስኬትና አንድ ደብዳቤ ትቶ ነበር። ዲስኬቶቹ ላይ ያለው ማሽኑን ሥዕል መሣል የሚያስችሉ አርባ አንድ ጽሑፎች ናቸው፤ አንዱ ስለ መስመር፣ አንዱ ስለ ክብ፣ አንዱ ስለ ፊደል ቅርጽ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ይህን ማንም ያንብበው፣ ይቅዳው፣ ስሕተት ያገኘ ያርመው፣ ለሌላም ይስጥ፤ አይሽጠው ብቻ። አስካለማርያም ይህን ስታነብ ደስ አላት። አባቷ ቤት መጽሐፍ የሚገለበጠው እንዲሁ ነበርና።

ሥራው ሲሰሙት ቀላል ነው። ጽሑፎቹን ወደ ማሽኑ ትገለብጣለች፤ አንድ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ማሽኑ አንድ በአንድ ወደ ራሱ ቋንቋ እየመለሰ በመጨረሻ ያጋጥማቸዋል። ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የከተማው መብራት ቀደም ሲል አንድ ዕቃውን አቃጥሎበት ስለነበር ማሽኑ የሚሠራው በጄኔሬተር ብቻ ነው። ናፍጣው ደግሞ በቀን ለአራት ሰዓት ብቻ ይበቃል፤ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ሰባት። ፈረንጁ ለዚህም መላ ጽፏል፦ ቢቋረጥ አትጨነቁ፤ በማግሥቱ ስታዙት ያለቀውን ትቶ ከቀረው ይቀጥላል።

አልቀጠለም። የመጀመሪያው ቀን ሃያ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ጄኔሬተሩ ጠፋ። በማግሥቱ አዘዘችው፤ ከአንደኛው ጀመረ። በሦስተኛው ቀንም ከአንደኛው። ጥፋቱ የእሷ መሰላትና ሁሉን አጥፍታ ዲስኬቶቹን እንደገና ገለበጠች፤ ያው ነው። ማሽኑ ደግሞ ሌላ ፈሊጥ ነበረው፤ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ይጠይቃል። እሷም ደብዳቤ ስትጽፍ እንደምታደርገው ወሩን በቁጥር፣ ቀኑን፣ ዓመቱን ትሞላለታለች። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን አልቀበልም ብሏት ሁለቱንም ቀን ሃያ ስምንት ብላ አለፈችው። በርዶት ይሆናል አለች፤ ማንስ ያልበረደው አለ?

«ከሣጥን ጋር ተጋባሽ እንዴ፣ አስኩ?» ትላታለች ጓደኛዋ አልታየች፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ። «ቆይ ግን፣ ጥሎሽ ምን ሰጠሽ?»

«ዓይን ሕመም» ትላታለች።

አንኮበር ስትሄድም ስለ መተከሉ ወረቀት ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። እሳቸው ግን እጇን ይዘው «ምነው ሰውነትሽ ዛለ?» አሏት።

«አንድ ማሽን ሥራ ላስተምር ብዬ ነው፣ አባባ። በየቀኑ ከሀ ይጀምራል።»

«ትናንት የቆጠረውን ማሽን ይረሳዋል?»

«ይመስላል።»

«እንግዲያስ የቆሎ ተማሪ ነው» አሉና ሣቁ። እሷም አብራቸው ልትሥቅ ሞከረች። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ልብሱን አሰጣች።

ኅዳር ሃያ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋሽ ያሕያ የመድኃኒት ዝርዝር ሊያስጽፉ ገቡ። የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፤ የበጎቹን ክትባት የሚረከቡ የንብረት ክፍል ሠራተኛ። አስካለማርያም ማሽኑን ከፍታ ቀን እየሞላች ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ቀኑን ይጠይቀኛል፣ ጋሼ። ሦስተኛ ወር፣ ሃያ፣ ሰማንያ አንድ።»

«የማን ሰማንያ አንድ?»

«የእኛ ነዋ!»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው። «ሣጥኑ የማን ነው? የፈረንጅ አይደለም? እኔ ሦስት የቀን አቆጣጠር አለኝ፤ ለጾም አንድ፣ ለደመወዝ አንድ፣ ለክትባቱ ብልቃጥ አንድ። ብልቃጡ ላይ በሰማንያ ስምንት ተሠራ ይላል። እኔ በሰማንያ አንድ ገባ ብዬ ብመዘግብ፣ ሳይሠራ ገባ ማለት አይደለም? መርማሪ ቢመጣ የሚያስረኝ እኔን ነው።»

አስካለማርያም መሙላቷን ተወች። ከዚያ ማሽኑን የእያንዳንዱን ጽሑፍ ቀን አሳየኝ አለችው። ፈረንጁ የጻፋቸው ሁሉ ሰማንያ ሰባት፣ ሰማንያ ስምንት ይላሉ። ከእነሱ የተወለዱት፣ እሷ በየቀኑ ያሠራቻቸው፣ ሰማንያ አንድ ይላሉ።

«ልጅ እናቱን በሰባት ዓመት ይበልጣታል» አሉ ጋሽ ያሕያ ተጎንብሰው እያዩ። «አንቺ ብትሆኚ ታምኚዋለሽ?»

ማሽኑም አላመነም ነበር። ጽሑፉ ከሥራው በኋላ የመጣ ስለሚመስለው፣ የትናንቱ ሥራ አርጅቷል እያለ በየጠዋቱ ሁሉን እንደ አዲስ ይጀምራል። እምቢ ያላቸው ሁለቱ ቀኖችም ነገራቸው ያው ነበር፤ በፈረንጅ ሁለተኛው ወር በዚያ ዓመት ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው ያለው። አስካለማርያም አልፈነደቀችም። ጠረጴዛው ላይ ክንዷን አጥፋ ጥቂት ጊዜ ግንባሯን አስደገፈች። ከዚያ ቀና ብላ የፈረንጁን ቀን ሞላች።

ማክሰኞ ሃያ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ረቡዕ ከሃያ አራተኛው ጀመረ፤ ጨረሰም። ሐሙስ የዝናቡንና የበጎቹን ክብደት ቁጥር አስገባች፤ የዝናቡ ነጭ መስመር ከግራ ተነሥቶ ወደ ሐምሌና ነሐሴ ሽቅብ ወጣ፣ ወረደ።

ዓርብ እንግዶቹ መጡ። ከመካከላቸው ወፍራም ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ይህ እዚህ ብርድ ላይ ምን ይሠራል? ዋናው መሥሪያ ቤት ነው መሆን ያለበት።»

«ማሽኑ ነው፣ ጓድ?» አለ ገብረአብ።

«ማሽኑም፣ ሠራተኛዋም። ከታኅሣሥ አንድ ጀምሮ።»

ገብረአብ አልተከራከረም፤ ቀኑን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። መኪናቸው ከግቢው ሲወጣ ዞር ብሎ «አዲስ አበባ ከመተከል ይሻላል እኮ» አላት።

«ለማን?» አለችው። አልተቆጣችም። በዚያ ሰዓት ለመቆጣትም ጉልበት ያስፈልግ ነበር።

አባቷን ትታ አዲስ አበባ ከምትሄድ ሥራዋን ልትለቅ ቆረጠች፤ የቀራትንም ሳምንት እዚያ ማሽኑን ለሚረከበው ሰው መመሪያ በአማርኛ ስትጽፍ ከረመች። የመጀመሪያው መስመር ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላ የሚል ነበር። ከሥር ደግሞ ማንም ይቅዳው ብላ ጽፋ ከዲስኬቶቹ ጋር አሰረችው። የስንብት ወረቀቷ ላይ ገብረአብ «በጤና ምክንያት» ብሎ ፈረመ፤ ምደባ እምቢ አለች ብሎ ቢጽፍ ትታሰር ነበር። ይህን ስላደረገላት አመሰገነችው።

መሪጌታ በሰማንያ ሁለት ሰኔ አንኮበር፣ እጇ ላይ አረፉ። አስካለማርያም ወደ ደብረ ብርሃን አልተመለሰችም። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በመጋቢት ወር ሰማንያ ሦስት፣ አሊዩ አምባ ገበያ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለገበሬዎች ማመልከቻ ስትጽፍ ነው።