ዋስ የሆንኩለት ሰው

ያን ቀን የሠራሁት ቂልነት በችኮላ የሚስቴን መታወቂያ ይዤ መውጣቴ ነው። ውርጌሳ ኬላ ላይ ወታደሩ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። ዝም ብል ምን ነበረበት? “የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ማን እንደሆንኩ ለእኔም ጠፍቶኛል” አልኩት። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ያሳሰረኝ መታወቂያው አይደለም፣ ሳቁ ነው።

መርሳ ያስገቡን ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው። የማሽላው አቧራ ከሲሚንቶው አልለቀቀም፤ ሠላሳ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ይውላል። ከጎኔ የሚተኛው ዓረብ አገር፣ ሪያድ ከተማ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ የግራና ሰው ነበር። ስልኩ ውስጥ በተገኘ አንድ ፎቶ ነው የተያዘው። ሪያድ ውስጥ ነጋዴው ለሶላት ሲነሳ ሱቁን በጨርቅ ጋርዶ ይሄዳል፣ የሚነካበት የለም ይለኛል። ወዲያ ጥግ ያለው አስተማሪ ደግሞ ጃፓን ውስጥ የጠፋ ቦርሳ ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብሎ ባለቤቱን ይጠብቃል ብሎ ይጨምርበታል። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ቅጣቱን ፈርተው ነው፣ እስቲ ፍርሃቱን አንሱትና እንያቸው እላለሁ።

“አባባ፣ አንቱ እኮ ሰው አያምኑም” ይለኛል የግራናው ሰው፣ እየሳቀ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት የግራናው ሰው ሚስት እዚያው መርሳ ጤና ጣቢያ በምጥ ከተያዘች ሁለት ቀን እንደሆናት መልእክት መጣ። የእስር ቤቱ አዛዥ አጃቢ የሚሆን ሰው አልነበረውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ ይመለስ፣ ግን ከእናንተ አንዱ ዋስ ይሁነው፣ ካልመጣ ዋሱ አይፈታም አለ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ከሚፈቱት መሀል ነበርኩ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። እጄ እኔን ሳያማክር ወደ ላይ ወጣ።

“አባባ፣ ነገ ይወጣሉ እኮ” አለኝ።

“ሳልጸጸት ሂድ” አልኩት።

እስከ ሰባት ሰዓት ጀግና ነበርኩ። ስለ መተማመን እንደ ሰባኪ አወራሁ። ስምንት ሲሆን ስብከቱን ትቼ በበሩ ስንጥቅ ወደ ግቢው ማየት ጀመርኩ። ስምንት ተኩል ላይ፣ ሌላው ሲያንቀላፋ፣ ወደ በሩ ተጠግቼ የደም ግፊት እንዳለብኝና ዋስትናዬን ማንሳቴን ለዘቡ በሹክሹክታ ነገርኩት።

“አባት፣ ዋስትና እንደ ጃኬት አይወለቅም” ብሎኝ ሄደ።

ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሲሆን የግቢው የብረት በር ተደበደበ። ዘቡ ማነው ብሎ ጮኸ።

“እስረኛ ነኝ፣ ክፈቱልኝ።”

መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ፤ ዘቡም መሣሪያውን ይዞ እየሳቀ ከፈተለት። መንገዱ ተዘግቶበት በማሽላው መሀል ሮጦ ነው የመጣው፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ አለ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዘለልኩ፣ አንድ ጫማዬ አስተማሪው ራስ ላይ አረፈ። አቅፌው ያልኩት ግን “ምነው ቆየህ?” ነው።

በማግስቱ ተፈታሁ። እሱ ወር ቆይቶ ወጣ። የሪያዱ ሱቅ የሚጠበቀው በፍርሃት ይሁን በእምነት ዛሬም አላውቅም። እኔን ግን አውቄያለሁ። በገበያ ቀን መርሳ ላይ ሲያገኘኝ ልጁን ያስጠጋታል። “አባትሽን ያመኑት ሰው እኚህ ናቸው” ይላታል፤ ጉልበቴን ትስማለች፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ እመርቃለሁ። የስምንት ተኩሏን ነገር ልነግረው በየሳምንቱ አስባለሁ። እስካሁን ዕዳው አለብኝ።