ያለ እናቷ የተቀበረች ልጅ

እትዬ መርፌ ይሏታል። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስልም። ቀጭንና ረጅም ናት፣ ምላሷም ይወጋል። ጠበበኝ ብላ የመጣችን ደንበኛ «ልጄ፣ ቀሚሱን ላስፋው ወይስ አንቺ ትከሺልኛለሽ?» ብላ ታስቃታለች፤ ቀሚሱን ግን እንዲያምርባት አድርጋ ነው የምትመልስላት።

የስፌት ቤቷ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከኋላዋ መኝታዋ አለ። ከመኝታዋ ግድግዳ ወዲያ አንዲት ሙስሊም ባልቴት ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚህ ሲኖሩ አንዷ የሌላዋን ጸሎት እየሰማች ነው የነጋላቸው።

ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ እጇን ይዛ ያመጣቻት ራሷ እናትየው ናት። «እንቺ፣ ሙያ አስተምሪልኝ። ቀኑን ሙሉ ተጋድማ ጣሪያ ስታይ ልታብድብኝ ነው» አለች።

ልጅቷ እጇ ፈጣን ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የኮት ገበር ሳይጨማደድ መስፋት ቻለች። ሁለቱ የስፌት መኪኖች ጎን ለጎን ሲንኳኩ ወሬም አይጠፋምና፣ አንድ ቀን «እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት ስትጸልዪ የምታለቅሺው ለምንድነው?» ብላ ጠየቀች። እትዬ መርፌ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንስታ ነገረቻት። ስለምታምነው ነገር የጠየቃት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። የምትወዳትን ልጅ፣ ካላት ሁሉ የሚበልጠውን ነገር መንፈግ ደግሞ አልሆነላትም። ልጅቷ መጠየቋን ቀጠለች። ቤተ ክርስቲያን ተከትላት ሄደች። በዓመቱ ተጠመቀች።

እናትየው ሦስት ቀን አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ስፌት ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ተቀይሜሻለሁ፤ አልዋሽሽም» አለች። «ልጄን ግን አልጥላትም። ጸሎታችን ቢለያይ ማዕዳችን አንድ ነው።»

እትዬ መርፌ ተንፈስ አለች። ይኸው አለፈ ብላ አሰበች።

አላለፈም። ቤተ ክርስቲያኗ አዲስ ሰባኪ መጣላት፤ ወጣት ነው፣ እሳት ነው። ያመነ ሰው ከድሮ ሕይወቱ ጨርሶ መለየት አለበት እያለ ያስተምራል። ልጅቷ ቃሉን እንዳለ ወሰደችውና እናቷ የሠራችውን መብላት ተወች። እትዬ መርፌ በግድግዳው በኩል ሰማች።

«እጄ ቆሽሿል፣ ልጄ?» ትላለች እናትየው። «ያሳደገሽ እጅ ነው እኮ።»

ሳህን ሲገፋ ተሰማ።

ያኔ እትዬ መርፌ ተነስታ «ተይ፣ ይሄን እኔ አላስተማርኩሽም» ማለት ነበረባት። ሰባኪው ግን ባለፈው ሳምንት ጉባኤው ፊት አቁሞ «ነፍስ ያመጣች እናታችን» ሲላት ሰው ሁሉ አጨብጭቦላት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ጭብጨባው ጥሟታል። ዝም አለች።

ልጅቷ ከቤተ ክርስቲያኗ አገልጋዮች ጋር ለስብከት የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቅ ከተማ ሄደች። በስምንተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ እትዬ መርፌ ሱሪ እየተኮሰች ሳለ ሰባኪው ደወለ። የተሳፈሩበት መኪና ተገልብጦ ልጅቷ ሞታለች።

«እናትየዋን ለጊዜው አትንገሪያት» አላት። «ዘመዶቿ አስከሬኑን ወስደን በእኛ ሥርዓት እንቅበር ካሉ ጭቅጭቅ ይነሳል። ከቀብሩ በኋላ ቀስ ብለን እናረዳታለን።»

«እሺ» አለች እትዬ መርፌ። ካውያውን አስቀምጣ ወጣች። እናትየው ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች።

«በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«ክር… ክር ልገዛ።»

«እንግዲያው ለእኔም ሰማያዊ ክር አምጪልኝ። የልጄ ሹራብ ክርኑ ላይ ተተርትሯል፤ ስትመጣ ትልበሰው።»

እትዬ መርፌ ሄደች። ልጅቷ አፈር ስትለብስ ቆማ አየች። በማግስቱ ስትመለስ እናትየው ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ በሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ለክር ሄደሽ አደርሽ፤ እሱንም ረሳሽው አይደል?» ብላ ፈገግ አለች። ያን ጊዜ ነው የነገረቻት።

እናትየው አልጮኸችም።

«መቼ ተቀበረች?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«ማን አጠባት?»

«የቤተ ክርስቲያን ሴቶች።»

«አንቺስ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

እናትየው ሹራቡን አጠፈችው። «ሃይማኖትሽን ስትሰጫት አልከለከልኩሽም» አለች በመጨረሻ። «ሬሳዋን ግን ማን ሰጠሽ?» ገብታ በሩን ዘጋች።

ከወራት በኋላ ሰባኪው ስለ ልጅቷ ምስክርነት እንድትሰጥ ጠራት። ጉባኤው ፊት ቆመች። «እኔ ያመጣኋት ልጅ እናት ነበራት» አለች። ወርዳ ተቀመጠች።

ጉባኤው ሲበተን ሰባኪው ውጭ ተከትሎ ደረሰባት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጅቷ የሞተች ሰሞን እህል አልቀመሰም ነበር። «እትዬ፣ ታዲያ ዝም እንበል? የምናምነውን ይዘን ሰው ሲጠፋ ቆመን እንይ?» አለ።

«ዝም በል አላልኩህም። ልጅቷ ዛሬም ብትጠይቀኝ እነግራታለሁ» አለች። «እሷን ሳመጣ እናቷ ግን ሰው መሆኗን ረሳሁ። ለቀብሯ እንኳ አልጠራኋትም፣ ልጄ። ይሄን የትኛው ስብከት ያነሳልኛል?»

ሰባኪው አቀረቀረ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ዓመት ሊሞላው ሲል እናትየው አንድ ጠዋት ስፌት ቤቱ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም። «የት እንደሆነች አሳዪኝ» አለች።

በአውቶቡስ ሄዱ። መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ እናትየው በእጇ ምልክት ሰጠቻት፤ እትዬ መርፌ ወደ ኋላ ራቀች። እናትየው መዳፏን ዘርግታ በራሷ ጸሎት ለልጇ ጸለየች። ከዚያ ድንጋዩን ዳሰሰችው፤ ቀስ እያለች፣ ልክ የልጅ ግንባር ትኩሳት እንደሚለካ። እትዬ መርፌ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ሲመለሱ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች እናትየው በመስኮት እያየች።

«አውቃለሁ።»

«አብሬሽ የመጣሁት መንገዱን የምታውቂው አንቺ ስለሆንሽ ነው።»

በየዓመቱ አብረው ይሄዱ ነበር፤ መንገድ ላይ ብዙም አያወሩም። የእናትየው ጉልበት እምቢ ካለ ወዲህ እትዬ መርፌ ብቻዋን ትሄዳለች። ስትመለስ ጎረቤቷን አንኳኩታ በሩ ላይ እንደቆመች ትነግራታለች፦

«ሳሩን ነቅያለሁ። ድንጋዩ ደህና ነው።»

«እሺ» ትላለች እናትየው።