የሪስተን ሦስት ጣት

ሪስተን መሰርሰሪያ በመያዝ ከሰፈራችን ወንዶች ሁሉ ትበልጣለች። ይህን የምለው ላሞግሳት ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ አጋዘን ስነዳ ሠላሳ ክረምት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ የበረዶ ሞተሬ በተጎዳ ቁጥር ግን የምቆመው እሷ ደጅ ነው። ሐይቁን ስናቋርጥ ከበረዶው ሥር ውሃ ይወጣል። ሞተሩን በረዶ ላይ የሚያስኬደው ባለ ችንካር ሰንሰለት ያንን ውሃ እያነሳ ከመቀመጫው ሥር ወዳለው የአሉሚኒየም ቦይ ይረጨዋል። ዋሻ እንለዋለን። ውሃው እዚያ ይረጋና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ከዚያ ግግሩ እየተሰበረ ይወረወርና ዋሻው ጣሪያ ላይ ያለውን፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር ይበሳዋል። ራዲያተሩ ተበሳ ማለት ሰውዬው ከቤቱ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ በእግሩ ቀረ ማለት ነው።

ለዚህ መላ ያገኘችለት ሪስተን ናት። አሮጌ የፕላስቲክ በርሜል ትሰነጥቅና ጠፍጣፋ ቁራጮች ታወጣለታለች፤ እነሱን በዋሻው ጣሪያ ላይ በሪቬት ምስማር ታስራቸዋለች። በቁራጭና በቁራጭ መካከል ሦስት ጣቷን አስገብታ ትለካለች። ሰንሰለቱ የሚበትነው ዱቄት በረዶ በዚያ ክፍተት ገብቶ ራዲያተሩን ማቀዝቀዝ አለበት፤ ያለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል።

“አራት ጣት ካደረግሁት ግግሩ ይገባል፤ ሁለት ካደረግሁት ትጠበሳለህ” ትላለች። ሜትር ይዛ አይቻት አላውቅም።

አስላት የሚባል አንድ ወንድም ነበራት። ካቻምና ክረምት ራዲያተሩ ተበስቶበት ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲጓዝ ዋለና ሁለት የእግሩን ጣቶች ብርድ በላቸው። ቁስሉን ስታጥብለት የነበረችው ሪስተን ናት። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ገባት፤ አስላት ሞተር ሲያስነሳ በሰማች ቁጥር መስኮት ላይ ትቆም ነበር። በመከር ጠራችውና ሞተሩን በጎኑ አጋደምነው። እኔም መንሸራተቻውን ይዤ ቆምኩ።

“እህቴ፣ ሞተሬን ካልሲ ልታለብሺው ነው እንዴ?” አላት አስላት።

“አንተ ካልሲ ብትደርብ ኖሮ ጣቶችህ ይኖሩህ ነበር። አርፈህ ጠርዙን ያዝ!”

“ስምንት ይበቃኛል። ሚስቴ ኢንጋ እንደሆነች ቆጥራቸው አታውቅም።”

ሳቅን። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ራዲያተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሸፍኗል።

“ሪስተን፣ ሦስት ጣቱስ?” አልኳት።

“ግራና ቀኙን ስንጥቅ ትቼለታለሁ። ይበቃዋል።”

እኛ ዘንድ ሥራ ላይ ያለን ሰው ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነውር ነው። አንዴ ጠየቅሁ፣ መለሰችልኝ፣ አበቃ። ስንቱን ነገር በዚህ ይሉኝታ እንዳበላሸነው ባስብ ያንገበግበኛል።

አስላት በሚያዝያ የባዘኑ ሴት አጋዘኖች ሊፈልግ ከሐይቁ ማዶ ሄደ። እስከዚያ ድረስ ሰፈር አካባቢ፣ ለስላሳ በረዶ ላይ፣ ሞተሩ ምንም አላለም ነበር። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሞተሩን፣ ከእሱ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰፈር ጠጋ ብሎ ደግሞ አስላትን፣ በረዶ ላይ ደርቆ። አንድ ጓንቱን አውልቆ በጥርሱ ነክሶት ነበር። ወደ ሞተሩ ተመልሼ ገለበጥኩትና ዋሻውን አየሁ። ሐይቁ ላይ የተረጨው ውሃ ሁለቱን ስንጥቆች በግግር ደፍኗቸዋል። አንዲት ቅንጣት በረዶ ወደ ውስጥ አልገባችም። ሽፋኑን በቢላ ሳነሳው ራዲያተሩ ጭረት እንኳ የለበትም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ሞተሩ ግን ነዶ አልቋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው።

እኛ ነገር ሲከብደን ስለ አየሩ ነው የምናወራ። ሞተሩን ለሪስተን ጎትቼ ስወስድላት ዋሻውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። “ነፋሱ ከባድ ነበር” አልኳት። “አዎ፣ ነፋሱ” አለች። ቀብር ላይም ሰው ሁሉ ለሚስቱ ለኢንጋ ያንኑ ደገመላት። ሪስተን በጋውን ሙሉ መሰርሰሪያ አልነካችም። ከሲታ ሆነች። የደረቀ ሥጋ ወስጄላት በሳምንቱ ስመለስ እንዳስቀመጥኩት አገኘሁት።

በመከር ሞተሬን ይዤ እሷ ዘንድ እያለሁ ኢንጋ መጣች። ከኋላዋ ሌላ ሞተር አስጎትታ ነበር።

“እህቴ፣ ዘንድሮ መንጋውን የምትረከበው ልጄ ማርጃ ናት። ይኸው ሞተሯ። የአባቷን እንዳደረግሽው ዋሻውን ጥርቅም አድርገሽ ሸፍኝላት። ግግር እንዳያገኛት” አለች።

ሪስተን እጇን በጨርቅ ጠረገች። ደጋግማ ጠረገች።

“አልሸፍንም።”

“ምነው? ለወንድምሽ ያደረግሽውን ለልጁ ትነፍጊያታለሽ?”

ሦስት ጣት ትታ ሰርታ ዝም ማለት ትችል ነበር። ኢንጋ ዋሻ ውስጥ ገብታ አትለካ። እኔ ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር፤ ልቤም ‘ዝም በይ፣ ዝም በይ’ ይላት ነበር።

“ለወንድሜ ያደረግሁት ነው የገደለው” አለች ሪስተን። “ሳስቼለት ክፍተቱን ደፈንኩት። ሞተሩ ትንፋሽ አጥቶ ነው የተቃጠለ። ነፋሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።”

ኢንጋ በርሜሉ ላይ ተቀመጠች።

“መቼ አወቅሽ?”

“ሞተሩ የመጣ ቀን።”

“እኔ ቤት መጥተሽ ስታለቅሺ ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

ኢንጋ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችምም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

“አንተስ ኒላስ? ያገኘኸው አንተ ነህ።”

ሪስተን አየችኝ። አስተያየቷ ልመና አልነበረም፤ ተራህ ነው የሚል ዓይነት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ እምላለሁ።

“ነፋሱ... ነፋሱ ከባድ ነበር” አልኩ።

ኢንጋ ተነስታ ወጣች። የማርጃን ሞተር ግን አልወሰደችውም። ሪስተን በማግስቱ ቁራጮቹን አሰረችለት፤ እያንዳንዱን ክፍተት በሦስት ጣቷ ሁለት ሁለት ጊዜ ለካችው።

ማርጃ ክረምቱን መንጋዋን ይዛ በሰላም ወጣች። በፋሲካ ኢንጋ የተቀቀለ ቅልጥም ይዛ የሪስተንን ደጅ አንኳኳች፤ ብዙም ሳይነጋገሩ አብረው በሉ አሉ። የእኔን ደጅ ግን እስከ ዛሬ አላንኳኳችም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀና ትልና ስለ አየሩ ትጠይቀኛለች።