አባቴ ገዝቶ ያልገዛው መኪና

ባለፈው ክረምት እናቴ ከአይሱዙ ላይ ወደቀች። ደብረ ኤልያስ ገበያ ደርሰው፣ ረዳቱ የኋላውን በር ከፍቶ፣ እሷም እንደ ልማዷ ከጨርቅ ጣቃዎቿ አናት ላይ ስትወርድ እግሯ አዳለጣት። ጭቃ ላይ ስለወደቀች አልተሰበረችም፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጉልበቷ ግን አብጦ ብዙ ጊዜ አስተኛት። ሊያነሷት ሲሮጡ የጮኸችው "ጉልበቴን!" ብላ አይደለም። "ጨርቁን አንሱት፣ ጭቃ እንዳይነካው!" ብላ ነው። ይህን የነገሩን አብረዋት የነበሩት ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ እስከ ዛሬ "ውሸታቸውን ነው" ትላለች።

ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አለን። ሱቁን የሚጠብቀው አባቴ ነው፤ እናቴ ደግሞ ጨርቁን ይዛ ገበያ ለገበያ ትዞራለች፣ አንድ ቀን ደምበጫ፣ ሌላ ቀን ደብረ ኤልያስ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ለሰው ነገሩ የተገላበጠ ይመስለዋል። አባቴ ሲሸጥ ያየ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። አባቴ ገዢ "ትንሽ ቀንስልኝ" ሲለው ያፍርና ይቀንሳል። እናቴ ስትሸጥ የሚያፍረው ገዢው ነው።

ጉልበቷ ሻል ሲላት እንደገና ልትሄድ ተነሳች። አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

"ከእንግዲህ ጭነት ላይ አትወጪም" አላት።

"እና በምን ልሂድ? በክንፍ?"

"በመኪና።"

"አይሱዙውስ ምንድን ነው፣ በቅሎ ነው?"

"በራሳችን መኪና ነው የምልሽ። ጋቢና ተቀምጠሽ።"

እናቴ ሳቀችበትና ሄደች። በአይሱዙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤታችን ከመኪና ሌላ ወሬ ጠፋበት። አባቴ ማታ ማታ ከሱቅ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ "እስኪ ስልክሽን አምጪ፣ ዛሬ ስንት ገባ?" ይለኛል። እኔም የሚሸጡ መኪኖችን እየገለጥኩ ዋጋ አነብለታለሁ። የመኪና ዋጋ እንደ ሽንኩርት ዋጋ ሆኖ ነበር፤ ትናንት የጠየቁት ዛሬ አይሠራም። ዶላር ጨመረ ይላሉ፣ ዋጋው ይጨምራል። ዶላር ቆመ ይላሉ፣ ዋጋው ያው ይጨምራል። አባቴ በየጊዜው "ሱብሃነላህ" ይልና "ትንሿን አሳዪኝ" ይለኛል። ትንሿ የሚላት ከኋላዋ ጨርቅ የምትጭን፣ ከፊቷ ሁለት ሰው የምታስቀምጥ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነጭ መኪና ናት። ጎረቤቶቻችን "መብራት ሲጠፋ በገመድ ትጎትታታለህ?" እያሉ ይስቁበታል። እሱ ደግሞ "ቤንዚን ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው በኔ አይስቅም" ይላቸዋል።

ገንዘቡን ከየት እንደምናመጣው ነበር ጭንቁ። ያጠራቀምነው ግማሹን እንኳ አይሞላም። አንዱ ባንክ ቶሎ አበድራችኋለሁ አለ፤ ግን በወለድ ነው፤ አባቴ ወለድ የሚል ቃል ሲሰማ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው እጁን ከጠረጴዛው ላይ ይሰበስባል። እቁብ አለን፤ የአባቴ ዕጣ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። "የእቁቡ ብር ሲደርሰን ጎማዋን ብቻ ነው የሚገዛልን" አለች እናቴ።

በመጨረሻ ከወለድ ነፃ የሚሠራ ባንክ ሄድን፣ ሦስታችንም። ያስተናገደችን ወጣት ሴት ናት፤ ገና ስታየን ወንበር ሳበችልን።

"እኛ ብር አንሰጥዎትም፣ አባቴ" አለችው። "መኪናውን ከሻጩ ራሳችን እንገዛና የኛ ይሆናል። ከዚያ ትርፋችንን ጨምረን ለእርስዎ እንሸጣለን፤ እርስዎ በየወሩ ይከፍላሉ። አንዴ ከተዋዋልን በኋላ ምንም ቢመጣ ዋጋው አይጨምርም።"

እናቴ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። "ይሄ ወለድ ስሙን ቀይሮ የመጣ እንዳይሆን?"

ልጅቷ አልተቀየመችም። "እናቴ፣ እርስዎ ጨርቁን ከአዲስ አበባ አስመጥተው ገበያ ላይ አትርፈው ይሸጡ የለም? ያ ወለድ ነው?"

"ትርፍ ነዋ!"

"ይሄም እንደዚያው ነው። ብቻ ዕቃው መጀመሪያ እኛ እጅ መግባት አለበት። የኛ ያልሆነውን ልንሸጥልዎት አንችልም።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለች እናቴ። አባቴም ገብቶኛል እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ከሻጩ ፕሮፎርማ አምጡ ብላ ሸኘችን።

በማግስቱ አባቴ ፕሮፎርማውን ሊያመጣ ብቻውን ሄደ። ሲመለስ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፎ ነበር። እኛ ቤት ሐብሐብ የሚገባው ለዒድ ወይም የሆነ ሰው ፈተና ሲያልፍ ነው።

"ጨረስኩት!" አለ ገና ከበሩ።

"ምኑን?"

"መኪናውን ነዋ! ቀጥሎ የሚመጣው በውድ ነው የሚገባው አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ መኪናዋን እየዞረ ያያታል። ልቤ አልቻለም። ቀብድ ሰጠሁ፣ እጅ ለእጅ ተማታን፣ ሰው ባለበት 'ገዛሁ' አልኩ፣ አለቀ!"

በኛ አገር ቀብድ ማለት ሚስማር ነው። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ለሌላ አይሸጥም፤ የሰጠ ገዢ ከሸሸ ቀብዱን ትቶ ነው የሚሸሸው። አባቴ የሚሮጠውን ዋጋ በሚስማር የመታው መስሎት ነበር። እኔም እናቴም እንደዚያው ነው የመሰለን። ሐብሐቡን ቆረስን፤ እናቴ ጭማቂው በአገጯ እየወረደ "ቀለሟ ግን ቶሎ ይቆሽሻል" እያለች መኪናዋን ከወዲሁ ማማት ጀመረች።

ባንክ ስንመለስ አባቴ የቀብዱን ደረሰኝ ከፕሮፎርማው በላይ አድርጎ አቀረበው። ልጅቷ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

"አባቴ፣ ይሄን መኪና እኮ ገዝተውታል።"

"አዎ፣ ገዛሁት!" አለ አባቴ ደረቱን ነፍቶ።

"እንግዲያው እኛ ምኑን እንግዛልዎት?"

መጀመሪያ የገባት እናቴ ናት። ቀስ ብላ ወደ አባቴ ዞረች። አባቴ ደግሞ ወደ ደረሰኙ፣ ከደረሰኙ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ እኔ አየ፣ እኔ የማድነው ይመስል። ልጅቷ ረጋ ብላ አስረዳችው። የእሱ የሆነውን መኪና ባንኩ መልሶ ሊሸጥለት አይችልም። መፍትሔው ሽያጩን ማፍረስ ነው፤ መኪናው ወደ ሻጩ ይመለስ፣ ከዚያ ባንኩ ከሻጩ ይግዛ።

ከባንኩ ስንወጣ አባቴ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቃሌንስ?" አለ።

እኔ ቀብዱን ያጣዋል ብዬ ነበር የፈራሁት። እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነው። ስንት ዓመት ሲነግድ "ገዛሁ" ብሎ ተመልሶ አያውቅም። ምሳ ቀረበለት፣ አልበላም። እናቴ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

"እሺ፣ ቃልህን ጠብቅ" አለችው። "እኔ ቅዳሜ በአይሱዙ ደምበጫ እሄዳለሁ።"

አባቴ ጉልበቷን አየ። ከዚያ ኮቱን ለበሰና "ነይ፣ ተከተይኝ" አለኝ። ለምን እኔን እንደወሰደኝ አላውቅም። ብቻውን ላለመመለስ ይመስለኛል።

መኪና ሻጩ ግቢው በአዲስ አበባ መውጫ በኩል ነው። ድሮ አይሱዙ ነበረው፤ እናቴንና መሰሎቿን ከነጨርቃቸው ገበያ ለገበያ ያመላለሰ ሰው ነው። አባቴ ሲገባ ከሩቅ ጮኸ።

"መጣህ? ምንጣፍ ጨምርልኝ ልትል ነው?"

"የለም። ሽያጩን እናፍርሰው ልልህ ነው።"

ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። አባቴ የባንኩን ነገር ከሥር ጀምሮ አስረዳው። ሲያስረዳው ሲያስረዳው የሰውየው ፊት እየተፈታ ሄደ።

"እና አሁን መኪናው የማን ነው?"

"ያንተ።"

"ከዚያስ?"

"የባንኩ።"

"ከዚያስ?"

"የኔ፣ ኢንሻአላህ።"

"አንተ፣ እንዴት ያለች ዕድለኛ መኪና ናት በማርያም! ገና ጎማዋ አፈር ሳይነካ ሦስት ጌታ!" አለና ሳቀ። "እሺ። ግን ገዛሁ ስትል ጮክ ብለህ ነው። እነሱም ሰምተዋል።" የሽያጩ ምስክር የነበሩት ሁለት ሰዎች አሁንም እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሥራ ያላቸው አይመስለኝም። "አልገዛሁምንም ጮክ ብለህ በል።"

"አልገዛሁም" አለ አባቴ፣ ለጫማው የሚናገር ይመስል።

"አልሰማንም!" አሉ ከአግዳሚው።

"አልገዛሁም!"

ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔ ሳቄን ለማፈን የሻሼን ጫፍ ነከስኩ። ሰውየው ቀብዱን ሙሉ በሙሉ መለሰለት፤ በደንቡ ሊያስቀረው ይችል ነበር። አባቴ ይህን ሲያይ ልቡ ተነካ መሰለኝ፣ የማይባል ነገር ተናገረ።

"እንግዲህ ዕቃው ያንተ ነው። ሌላ ገዢ ከመጣ ነፃ ነህ።"

ኮቱን ጎተትኩት። ዘግይቼ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ባንኩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እስኪመጣ አለ፤ ኔትወርክ ጠፋ፤ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ ጠፋ። እናቴ በአይሱዙ ገበያ ትሄዳለች። አባቴ አይሱዙው እስኪታጠፍ ድረስ መንገድ ላይ ቆሞ ያያታል፤ እሷም ከጨርቆቿ አናት ላይ ሆና "ግባ፣ ብርድ ይመታሃል!" ትለዋለች።

አንድ ጠዋት ሻጩ ደወለ። ከደብረ ወርቅ የመጣ ሰው ጥሬ ብሩን ይዞ፣ ከፍ ባለ ዋጋ ልግዛት ይላል። ምን ልበለው? አለ።

"ነፃ ነህ ብዬሃለሁ" አለ አባቴ። ስልኩን ዘጋና ሜትሩን አንስቶ የተለካ ጨርቅ እንደገና ይለካ ጀመር።

እናቴ አጠገቡ ሆና ሰምታ ተነሳች። ሻሿን አስተካክላ "ነይ" አለችኝ።

ግቢው ስንደርስ ያ ገዢ ቁርስ ሊበላ ሄዷል። እናቴ ሰላምታም አላበዛችም።

"ነፃ ነህ ያለህ እሱ ነው" አለችው። "እኔ አላልኩም።"

"እህቴ፣ አንቺ እኮ ገዢ አይደለሽም።"

"እኔ ጭነት ነኝ! ስንት ዓመት ጨርቅ ላይ ጭነህ አመላለስከኝ። አንድ ቀን ጋቢና ግቢ ብለኸኛል?"

"የጋቢና ሒሳብ ከፍለሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ከአግዳሚው ላይ ሳቅ ተሰማ። ሰውየውም አልቻለም፣ ሳቀ። ከዚያ ግን ከልቡ አወራት። ይህችን ሸጦ ሌላ ሊያመጣ ሲል ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀዋል፤ በድሮው ዋጋ ቢሰጣት ባዶ እጁን ይቀራል። እናቴ በዚህ አልተከራከረችም። እኛም ጨርቅ ሸጠን ልንተካ ስንል የሚገጥመን ይኸው ነው። "እሱስ እውነት ነው" አለችና በድሮውና በአዲሱ ዋጋ መካከል አንድ ቦታ ጠራች። እሱ ወደ ላይ ጎተተ፣ እሷ ወደ ታች። ተጠባባቂ ጎማ አስጨመረች። ቤት ድረስ መጥቶ የቻርጅ መስመሩን የሚገጥም ሰው አስጨመረች። ምንጣፉንም አስጨመረች።

ሲስማሙ ሰውየው እጁን ዘረጋ። እናቴ እጇን ወደ ነጠላዋ ውስጥ አስገባች።

"አይ! እጅ አልሰጥህም። ኋላ ገዝተሻል ይሉኛል። ዋጋህን ለባንኩ ጻፍና ለዚች ልጅ ስጣት።"

ወረቀቱን ትምህርት ቤት በደብተሬ መካከል ይዤ ሄጄ፣ ከክፍል ስወጣ እየሮጥኩ ባንክ አደረስኩት። ደግነቱ ፈቃዱ በዚያው ሳምንት መጣ። መጀመሪያ ባንኩ ገዛ፤ ከዚያ ለአባቴ ሸጠ። ሁሉ ተደምሮ አባቴ ቀብድ ካስያዘበት ዋጋ በላይ ሆነ፣ የባንኩም ትርፍ አለበት፤ ወር በመጣ ቁጥር የምንከፍለው ቀላል አይደለም። አባቴ ፈርሞ ሲወጣ ትንሽ ተክዞ ነበር።

"ምን ሆንክ?" አለችው እናቴ። "ጨርቁ ይወደዳል፣ ሽንኩርቱ ይወደዳል፣ ይቺ ብቻ እዚያው ናት። ዘንድሮ የማይጨምር ነገር ስንገዛ የመጀመሪያችን ነው።"

ቅዳሜ ጠዋት ደምበጫ ልንሄድ ጨርቁን ጫንን። አባቴ ወጣት ሳለ የሰው መኪና ይነዳ ነበርና መንጃ ፈቃድ አለው፤ ቢሆንም መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ያዘው። እናቴን ዞር ብዬ ሳያት አንድ እግሯን ከኋላ አንስታ ጨርቁ ላይ ልትወጣ ነው።

"ወዴት ነው?" አላት አባቴ።

"ቦታዬ ነዋ!"

ወርዶ የፊቱን በር ከፈተላት። እኔ ከኋላ ከጣቃዎቹ ጋር ተሸጎጥኩ። እናቴ ጋቢና ገብታ እጇን የምታስቀምጥበት ጠፍቷት ትንሽ ቆየችና መስታወቱን ወደ ራሷ አዞረችው።

"አንቺ፣ እሱ የሾፌር ነው!"

"ጨርቄን ልይበት። አንተ ፊት ፊትህን እይ።"

መንገዱን ሙሉ በመስታወቱ እኔንና ጨርቁን ስታይ ሄደች፤ ዓይናችን ሲጋጠም ትስቃለች። ደምበጫ ስንደርስ አይሱዙው ቀድሞን ኖሮ ነጋዴዎቹ ከጭነቱ ላይ እየተረዳዱ ይወርዳሉ። አባቴ አጠገባቸው አቆመ። እናቴ አልወረደችም።

"ምነው፣ ጉልበትሽ አመመሽ?" አላት አባቴ ደንግጦ።

"ዝም በል" አለችው፣ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች። "ገና ሁሉም አላዩኝም።"