ተረድቻለሁ

ሚልካ ኢተፋ “ሁለት አገር አለኝ” ስትል የሚስቅባት አታጣም። ሕጉ የሚያውቀው አንድ ዜግነት ብቻ ነው፤ የስዊድኑን ፓስፖርት የያዘች ዕለት ኢትዮጵያዊነቷ ከወረቀት ላይ ተፋቀና በምትኩ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ተሰጣት። እሷ ግን ወረቀት ምን ያውቃል ባይ ናት። ጎተንበርግ ሃያ ሦስት ዓመት አረጋውያን ስታጥብና ስትመግብ ኖራለች፤ የዚያም በረዶ ቤቷ ነው፣ የአዳማም አቧራ ቤቷ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ትላለች፤ ማን ይፈርድባታል?

አባቷ አቶ ኢተፋ ግን ይህን ጨዋታ አልወደዱትም። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ ለእሳቸው ድንበር ድንበር ነው። ዜግነቷን መለወጧን የሰሙ ቀን “እና አሁን የማን ልጅ ነሽ?” ብለው ስልኩን ለወንድሟ ለፍሬዘር መለሱለት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስትመጣ ይስሟታል፣ ብዪ ጠጪ ይሏታል፤ ያው እንደ ሩቅ ዘመድ። ሚልካን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ዘንድሮ ግን ቆረጠች። ሥራዋን በግማሽ ቀንሳ፣ ስድስት ወር እዚያ ስድስት ወር አዳማ ልትኖር። ይህን ነግራቸው “ቤትሽ ነው” የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው መስማት ብቻ ነበር የፈለገችው።

ሽማግሌው አልጠበቋትም። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ።

እንግዲህ በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አገር ብቻዋን ያለች ሴት አባትሽ ሞቱ ተብላ ስልክ ይዘጋባታል? ነውር ነው። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በሯን አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳት። ስለዚህ ፍሬዘር ጎተንበርግ ላለችው ጓደኛዋ ለሜቲ ደውሎ አደራ አላት። ሚልካ ስትደውል ደግሞ አባባ ዓለም ጤና ከተማ እህታቸው ዘንድ ሰንብተዋል እያለ ይዋሻታል። ሰው እስኪሰበሰብ ሳምንት አለፈ። ሜቲ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሰዎች ለቅዳሜ ቀጥራ ሳለ፣ ሚልካ ሐሙስ ዕለት ደውላ ትኬት መቁረጧን፣ ነገ እንደምትበር ነገረቻት። ሜቲም፣ ሚልካ ብቻዋን አውሮፕላን ላይ ከምታለቅስ፣ ቤተሰቦቿ መሀል ብትረዳ ይሻላል ብላ አሰበች። ደግ ማሰቧ ነው። ግን ሳታረዳት መቅረቷን ለፍሬዘር መንገር ነበረባት፤ እሱማ መምጣቷን ያውቃል ብላ ተወችው።

ሚልካም ለፍሬዘር ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል። ፍሬዘር መቼም ተነግሯት ነው እንዲህ ተጣድፋ የምትመጣው ብሎ አመነ። ቦሌ ድረስ ሹፌር እንደሚልክላት ነገራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ተረዳሽ?” አላት። መርዶው ደረሰሽ ወይ ማለቱ ነበር። እሷ ስለ ሹፌሩ የጠየቃት መሰላት።

“ተረድቻለሁ፣ ተረድቻለሁ” አለችው።

ፍሬዘር እንባው ቀደመውና ዘጋው። እሷ መስመሩ ተቋረጠ ብላ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ቀጠለች። ይኸው አማርኛችን አንዳንዴ እንዲህ ያለ ጉድ ይሠራል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አዳማ ደረሰች። የተቀጠረው ሹፌር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ግቢው ውስጥ የዕድሩ ወንበሮች ተደርድረው፣ ጎረቤቱ የልጅቱን እሪታ እየጠበቀ ነበር። ሚልካ ብርቱካንማ ቀሚሷን ለብሳ እየሳቀች ገባች። ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው እንዴ እያለች አንድ በአንድ ሳመቻቸው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃት ጎረቤታቸው ሑስና እንኳ ጉንጯን ብቻ ሰጠቻት። ከኋላ አንዱ፣ ፈረንጅ ሆና ቀረች፣ ለአባቷ እንኳ እንባ የላትም ብሎ አጉረመረመ። ሰማችው። ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር መልበሳቸውን ያየችው ያኔ ነው።

“አባባስ?” አለች።

ፍሬዘር ወደ እሷ ቀረበ። “ተረድቻለሁ አላልሽኝም?”

ሚልካ ያኔ ተረዳች። ሁለት አገር ሙሉ ወዳጅ እያላት አንድ እንኳ የሚያረዳት አላገኘችም፤ ያሳዝናል፣ በጣም ያሳዝናል። መሬት ላይ ተዘረጋች። ሑስና አጠገቧ ወድቃ ይቅር በይኝ ልጄ እያለች እቅፍ አደረገቻት። ሚልካ የወንድሟን እግር ይዛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤

“ስለ እኔ ምን ብለው ነበር?”

ፍሬዘር ሊዋሽላት ፈለገ፤ አልሆነለትም። “ምንም አላሉም። ድንገት ነው።”

እሪታዋ ሰፈሩን አናወጠው። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆም ብላ ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። አቶ ኢተፋ አሏት።

“እሳቸውንማ አልቅሰን ጨረስን እኮ” አለችና መንገዷን ቀጠለች።